ፍሪጁ ሲጠፋ፦ ሦስት ቀን በሰሜን ሸዋ

ዓርብ፣ ኅዳር 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

ከአዲስ አበባ የወጣነው በጭስ መሃል ነው። ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ነበር። በየደጁ የተጠረገው ቆሻሻ ተከምሮ ይነዳል፣ ጭሱ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ይከተላል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ያን ሁሉ ሰው ከጨረሰ በኋላ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ነው፣ እናቴም አንድ ዓመት አስታጉላው አታውቅም። ቦርሳችንን አንግተን ስንወጣ "ጭሱን አቋርጣችሁ ሂዱ፣ ክፉውን ያርቅላችኋል" ብላ ነው የሸኘችን።

የምንሄደው ደብረ ብርሃን ነው። ሁለት ነን፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ። ጉዳያችንም አንድ ነው፤ ቅዳሜ ማታ አንዲት ትንሽ ባር ውስጥ ክራር ልንሰማ።

ክራር ለመስማት 130 ኪሎ ሜትር ይኬዳል ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ምክንያቴን ልንገራችሁ። እኔ ክራርን ያወቅሁት በእናቴ ሬዲዮ ነው። ጠዋት ቡና እያፈላች ትከፍተዋለች። አስናቀች ወርቁ መዝፈን ከጀመረች ግን ጀበናው ይገንፍል አይገንፍል አታይም፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ትላለች። አስናቀች በ2004 መጀመሪያ ላይ ያረፈች ጊዜ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የዋለችው፤ አንድ ቀን በአካል አግኝታት አታውቅም። እኔም ያን ዝምታ ይዤ ነው ያደግሁት። ክራር ሲመታ ሰው ዝም ይላል ብዬ ነበር የማምነው።

አምና አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትልቅ አዳራሽ ገብቼ ነው ይህ እምነቴ የፈረሰው። ለብዙ ጊዜ የምከታተላት፣ ድምጿን የምወድላት ባለ ክራር ከሙሉ ባንድ ጋር ትጫወት ነበር። ከፊት ቆሜያለሁ። ጣቶቿ ክሩ ላይ ሲሮጡ አያለሁ፣ የምሰማው ግን ቤዙን ነው። ደረቴን እየደበደበ የሚገባ ቤዝ። አጠገቤ ያለው ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል፣ ከኋላ ያሉት እየጮኹ ያወራሉ፣ እሷ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ድምፅ በታች የሆነ ነገር እየነገረችን ነው፣ ማንም አልሰማትም። እያለቀስኩ ነው ቤቴ የገባሁት ብል ማጋነን አይደለም።

ወንድሜ ነው በኋላ ወሬውን ያመጣው። ባለ ክራሯ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። አንዳንድ ቅዳሜ ወደ አገሯ ትመለስና ከአንድ ቦክስ ጊታር ከሚጫወት ጓደኛዋ ጋር ብቻ፣ ያለ ስፒከር፣ ያለ ማይክ፣ አንዲት ባር ውስጥ ትጫወታለች። ስሟንም፣ የእሱንም፣ የባሯንም ስም አልጽፍም፤ ሳላስፈቅዳቸው ነው የምጽፈው። የሚያውቋት ያውቋታል።

ላምበረት መናኸሪያ ስንደርስ ረዳቱ "ደብረ ብርሃን! የቀረው ሁለት ሰው!" እያለ ይጣራል። ሁለቱ ሰዎች እኛ ነን ብለን ገባን፤ ከእኛ በኋላ ሌላ አራት ሰው ተጫነ። ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ። ከሰንዳፋ በኋላ አገሩ ይገለጣል። የአጨዳ ጊዜ ስለሆነ ገብሱና ስንዴው ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ገና ቆሞ ይወዛወዛል፣ ክምሩ በየማሳው ተደርድሯል። ከየቤቱ አጠገብ ደግሞ የኩበት ቁልል አለ። እንጨት እንደ ልብ በማይገኝበት ደጋ ማገዶው እሱ ነው፤ በመስኮት የሚገባው ሽታም የእሱ ነው። አያቴ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ሸኖ ላይ ቅቤ ሻጮች መኪናውን ከበቡት። የሸኖ ለጋ ቅቤ መቼም ታውቃላችሁ። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ጾም ነው፣ ግን ቢሆንም ሽታው ብቻውን ያስጎመጃል። ስንመለስ እንገዛለን ተባብለን አለፍን። ጫጫን አልፈን ደብረ ብርሃን ስንደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

ብርዱን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። አላውቀውም። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር የሚሆን ከተማ በኅዳር ወር ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ምን እንደሚመስል በወሬ አይታወቅም። ያረፍንበት ሆቴል "ሙቅ ውሃ አለን" ብሎ ነው የተቀበለን፤ ቧንቧውን ከፍቼ ሩብ ሰዓት ጠበቅሁት፣ በረዶ ነው የወረደው። ብርድ ልብሱ ግን ወፍራም ነው። ከተማዋ ራሷ ብርድ ልብስ የሚያመርት ፋብሪካ ያላት ናት፣ በዚህ አያሳፍሩም።

ማታ ሽሮ በልተን ባሯን ለማየት ወጣን። ባለቤቲቱ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ ሁሉም "እትዬ" ይሏቸዋል። ከአዲስ አበባ ለዚህ ብለን እንደመጣን ስንነግራቸው ከእግር እስከ ራሳችን አዩን።

"ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምትጀምረው። እናንተ በአንድ ሰዓት ኑ፣ ወንበር አይቆይም። ደግሞ የነቢያት ጾም ሊገባ ነው፣ ከነገ ወዲያ እስከ ገና ክራር የለም፤ ሰው ይበዛል።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ተኝቶ ነበር። ጋሪ የሚጎትቱት ፈረሶች ከአፍንጫቸው እንፋሎት ይወጣል። እስከ ማታ ምን ይሠራል ብለን አንኮበር ሄደን መጣን።

ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው ሜዳውን ጨርሶ ተራራው ጫፍ ላይ ሲደርስ መሬቱ በአንድ ጊዜ ያልቃል። ከዚያ በታች ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ጉም፣ ጉሙ ሲገለጥ ደግሞ ሩቅ፣ በጣም ሩቅ፣ የአፋር ቆላ። አዲስ አበባ በ1879 ከመቆርቆሯ በፊት የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ እዚህ ነበር፤ የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ላይ ስንወጣ ትንፋሼ ሦስት ጊዜ ተቆራርጧል። ከላይ ሆኖ ላየው ሰው እዚህ ለምን እንደተቀመጡ አያከራክርም። ከቆላ የሚመጣውን ሁሉ ያዩታል። በር ነው፣ ስሙም አንኮበር ነው። ይህን "በር" የሚለውን ነገር ያኔ ልብ አላልኩትም፤ ማታ ነው የመጣብኝ።

ከዚያ በላይ ስለ አንኮበር አልጽፍም፣ ጥድፊያ ላይ ነበርኩ። ወንድሜ ፎቶ ሲያነሳ እኔ ሰዓቴን ነበር የማየው።

በአንድ ሰዓት ባሯ ደረስን። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ያለች፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ አንድ ክፍል ናት። ቆጥሬያለሁ፣ ስትሞላ ሠላሳ አራት ሰው ነበርን። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከፋብሪካ ሥራ የወጡ ልጆች፣ አንድ ባልና ሚስት ከነሕፃናቸው። መሃል ላይ ከሰል የተያያዘበት ትልቅ ምድጃ አለ፣ ለአየር ብለው በሩን ገርበብ አድርገውታል። ግማሹ ቢራ ይዟል፣ ግማሹ አረቄ በመለኪያ፣ ጥግ ላይ ቡና ይፈላል። መድረክ የሚባል ነገር የለም። ከምድጃው አለፍ ብሎ ሁለት ዱካ ተቀምጧል፣ በቃ። እኛ ከዱካዎቹ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነን።

ባለ ጊታሩ ቀድሞ ገባ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው፣ ሰላም ብሎ ተቀመጠ። ቀጥላ እሷ ገባች። ክራሯን በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። ክሩን መቃኘት ስትጀምር ጫጫታው አልቆመም ነበር። ከዚያ እትዬ ከባንኮኒው ጀርባ ጎንበስ አሉና የፍሪጁን ሶኬት ነቀሉት።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፍሪጁ ድምፅ እንዳለው አላወቅሁም። እንደዚያ ነው ነገሩ፤ ሲጠፋ ነው የሰማሁት። ያ እምምም የሚለው ድምፅ ድንገት ሲቋረጥ ክፍሉ የሰፋ መሰለኝ፣ የሰው ወሬም አብሮ ተቋረጠ። ከሰሉ ሲሰነጠቅ ይሰማል። በር ላይ የቆመ ሰው ጫማውን ሲያንቀሳቅስ ይሰማል። እትዬን "ቢራው አይሞቅም?" ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኋቸው።

"የደብረ ብርሃን ብርድ ይበቃዋል፣ ልጄ። እሷ ስትጫወት ፍሪጅ አይጮኽባትም።"

በትዝታ ጀመረች። መጀመሪያ የሰማሁት ክሩን አይደለም፣ ጥፍሯን ነው። ጥፍሩ ክሩን ሲነካ፣ ድምፁ ገና ሳይወጣ፣ ቅንጣት የምታህል "ጭር" የምትል ነገር አለች። በሬዲዮ የለችም። በዚያ አዳራሽ ውስጥም አልነበረችም። ከዚያ ድምፁ ይመጣል፤ ከገበቴው ወጥቶ ቀጥታ ወደ እኔ፣ በመሃል ምንም ሳይኖር። አምስት ድምፅ ናት ትዝታ፣ ከአምስት አትበልጥም፣ እነዚያኑ አምስቱን እያመላለሰች አስር ደቂቃ ያህል ስትጫወት አንድም ጊዜ የተደገመ ነገር የሰማሁ አልመሰለኝም። ከመዝፈኗ በፊት ትንፋሿን ስትስብ እሰማለሁ። ቃሉ ሲያልቅ ከንፈሯ ሲገጠም እሰማለሁ።

ባለ ጊታሩ ምን እንዳደረገ ወንድሜ ነው የገለጸልኝ፣ እሱም ይማራልና። ልጁ ኮርድ አልመታም። ከላይ ያለውን ወፍራሙን ክር ብቻ በአውራ ጣቱ እየነካ፣ እሷ በምትቆምበት ቦታ ላይ አንዲት ድምፅ ያስቀምጥላታል። እሷ ስትሮጥ እሱ ይቆማል። ወንድሜ ጆሮዬ ላይ "እኔ ብሆን ሁሉን ቦታ ልሙላ ባልኩ ነበር" አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከማስተማሪያ ቪዲዮ ያላገኘውን ነገር በአንድ ዘፈን ነው ያየው።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ክራሩ ታመመ። ሌላ ቃል የለኝም። ድምፁ ሟሸሸ፣ ጠርቶ የነበረው እንደ እርጥብ ጨርቅ ሆነ። እሷ አቁማ ፈገግ አለች፣ ተነሳች፣ ክራሩን ይዛ ወደ ከሰሉ መጣች። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ "ቆዳ ነዋ፣ ይላላል" አሉኝ። የሠላሳ አራት ሰው ትንፋሽ፣ የቡናው እንፋሎት፣ ከውጭ የሚገባው እርጥበት፣ ሁሉንም ቆዳው ይጠጣዋል። ከበሮም እንዲሁ ነው፣ ካልሞቀ አይናገርም።

ክራሩን ከሰሉ ላይ ከፍ አድርጋ ይዛ ቀስ እያለች ታዞረዋለች። በጣም አታስጠጋውም፣ ቢደርቅ ይሰነጠቃል። በሌላ እጇ መሃል ጣቷን እያጎበጠች ቆዳውን ታንኳኳለች፣ ጆሮዋንም ታስጠጋለች። ዱብ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ዱብ። አራተኛው ወይ አምስተኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ፣ ድም አለ። ሠላሳ አራታችንም ሰማነው። ማንም ምንም ሳይናገር ጠበቅናት፣ ሦስት አራት ደቂቃ ይሆናል፣ ከዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ ዛሬ ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ ይህ ነው። ትልቅ መድረክ ላይ ቢሆን ከበሮ ይመታበት ነበር፣ አስተዋዋቂ ይመጣ ነበር፣ ሰው እንዳይሰለች። እዚህ የሰለቸው አልነበረም። እጇን ነበር የምናየው።

ተመልሳ ተቀመጠችና "አሁን አምባሰል ነው" አለች። ክሮቹ የሚቃኙባቸው አምስት ድምፆች ቅኝት ይባላሉ፤ ከትዝታ ማይነር ቅኝት ወደ አምባሰል ስትሄድ ሁለት ክር ነው የምትነካው፣ አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ከፍ። ክራር እንደ ጊታር አይደለም፣ ቅኝቱ ራሱ ክሩ ላይ ነው ያለው፤ ቅኝት በተቀየረ ቁጥር መሣሪያው ከነሕይወቱ ይቀየራል። ለዚህ ነው ዘፈኖቹን በቅኝት በቅኝት ሰብስባ የምታሰልፋቸው። ከቀንበሩ ላይ መቃኛውን በትንሹ ታዞራለች፣ ትሰማለች፣ ትመልሳለች። ባለ ጊታሩ ካፖውን፣ ያን የጊታሩን ክሮች ጨምድዶ የሚይዘውን መቆንጠጫ፣ አንስቶ አንድ ቤት ወደ ላይ ገፋው። ከዚያ በኋላ ነው ልብ የሚበላው ነገር የመጣው። አምባሰልን በጽሑፍ ልገልጸው አልችልም፣ አልሞክርምም።

መሃል ላይ ከውጭ ሦስት ልጆች እየሳቁ ገቡ፣ የአንደኛው ስልክም ጮኸ። ቆንጆ ቦታ ላይ ነበርን። እትዬ ምንም አላሉም፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ብቻ አደረጉ። ልጁ እየተሽቆጠቆጠ ወጣ። መንገዱን ሄደ ብዬ ነበር። በኋላ ዞር ስል በገርባባው በር ብርዱ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን አስግጎ ይሰማል። እስከ መጨረሻው እዚያው ነበር፣ ግባ ቢሉትም አልገባም።

ወደ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው ተቀበዪ የተጀመረው። የአዝማሪ ቤት ወግ ነው፣ እንግዳው ግጥም ይሰጣል፣ ባለ ክራሯ ትቀበላለች። መጀመሪያ አንድ ወጣት ተነሳ። ብርድ ልብስ ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ ነው አሉኝ። ጓደኞቹ እየገፋፉት፣

ብርድ ልብስ ፋብሪካው አጠገቤ ቆሞ፣
ሲንቀጠቀጥ ያድራል ልቤ አንቺን አልሞ።

ቤቱ ተናጋ። "እሰይ!" ይላል ሁሉ። እሷ ስትቀበለው "አጠገቤ ቆሞ" የሚለው ላይ ድምጿን እያንቀጠቀጠች ዘፈነችው፣ ልጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ሌሎችም ተከተሉ። አንዳንዱ ያምራል፣ አንዳንዱ አይገጥምም፣ እሷ ግን የማይገጥመውንም እየገጠመች ነው የምትቀበለው። ከዚያ አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ፣ ያ ስለ ቆዳው የነገሩኝ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ አንዴ መቱ። "ተቀበዪ!" ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ጆሮዬን ካላስጠጋሁ የማይሰማ ዓይነት። ፍሪጁ ቢኖር ኖሮ አይሰማም ነበር። አባባ ከደብረ ሲና በታች ካለው ቆላ ነው የመጡት፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ፤ ከዚያ ወደ ደጋው የሚወጣበት የተራራ በር ጣርማ በር ይባላል።

ጣርማ በር አንኮበር በሩ የበዛበት፣
ለእኔ ብቻ ታጣ አንቺ የገባሽበት።

ማንም "እሰይ" አላለም። እሷም ወዲያው አልተቀበለችም። ክሩን አንድ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገች፣ ባለ ጊታሩ እጁን ክሮቹ ላይ ጭኖ ጨርሶ አጠፋው። ከዚያ ብቻዋን፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ተቀበለች። አራት ጊዜ መላለሰችው። ሁለተኛው ላይ ባልና ሚስቱ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ቀን አንኮበር ላይ ቆሜ በር ነው ያልኩት ነገር ያኔ ነው ተመልሶ የመጣው፤ ያ ሁሉ ገደል፣ ያ ሁሉ ጉም፣ የነገሥታት በር፣ የጦር በር፣ የጨው ነጋዴ በር፣ እና አንድ ሰው ሕይወቱን ሙሉ ከእነዚህ ሁሉ በሮች መሃል አንዷን ሲፈልግ።

ሲያልቅ "አባባ፣ ማን ናት?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ዝፈኚ፣ ልጄ" አሉ፣ መለኪያቸውን አንስተው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል አበቃ። ሽልማት እዚያ ግንባር ላይ አይለጠፍም፣ በሩ አጠገብ ያለች ሙዳይ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ማን ስንት እንደሰጠ አይታይም። ሰው ሲወጣ ጠብቄ ወደ እሷ ሄድኩ። ልነግራት ያሰብኩት ብዙ ነበር። ከአፌ የወጣው "ጥፍርሽን ሰማሁት" የሚል ብቻ ነው። አልሳቀችብኝም። እጇን ዘርግታ አሳየችኝ፤ የጣቶቿ ጫፍ እንደ ተረከዝ ጠንክሯል።

"ስፒከር ባለበት እኔ ራሴን አልሰማም" አለችኝ። "ስፒከሩን ነው የምሰማው። ከዚያ ስፒከሩ ደስ የሚለውን መጫወት እጀምራለሁ፤ ጠንከር ጠንከር፣ ፈጠን ፈጠን። እዚህ ስመጣ ነው እጄ የሚመለሰው።"

አምና አዳራሹ ውስጥ እንደነበርኩ ነገርኳት። "እኔም እኮ ነበርኩ፣ ግን አልነበርኩም" አለች፣ ክራሯን መልሳ በነጠላው እየጠቀለለች።

በእግራችን ወደ ሆቴል ስንመለስ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ሰማዩ ግን እንደዚያ ዓይነት ኮከብ አዲስ አበባ ላይ አይቼ አላውቅም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚህ ቦታ ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶት ነው ከተማዋን የቆረቆራት ይባላል፤ ስሟም ከዚያ ነው። ወንድሜ አንድም ቃል አልተናገረም። ክፍላችን ስንደርስ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ጊታር ሳይኖረው፣ በአውራ ጣቱ አየሩን ይነካል። አንዴ ነካ ያደርግና ይቆማል። ይጠብቃል። ደግሞ አንዴ።

እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ማስታወሻዬን አወጣሁ። ስልክ አውጥቶ የቀረጸ አንድም ሰው አልነበረም፣ እኔም አልቀረጽኩም፣ ስለዚህ ሳልረሳ ግጥሞቹን ልጻፍ ብዬ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ጠዋት ወደ አዲስ አበባ መመለስ ነበር ዕቅዳችን። ቁርስ ላይ ወንድሜ "ጣርማ በርን ሳናይ?" አለ። እኔም ልለው ስል ነው የቀደመኝ።

የደብረ ሲና ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱ እየወጣ፣ እየወጣ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ዛፉ አለቀ፣ የድንጋይ ካቡ በዛ፣ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። ከመንገዱ ዳር ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፣ ጡሩምባ ቢነፋባቸውም ቀና አይሉም። ከዚያ የጣርማ በር ዋሻ መጣ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ቦርቡሮ የሠራው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ዋሻ ነው። ሹፌሩ መብራቱን አበራ፣ ውሃ ከጣሪያው ይንጠባጠባል፣ ጨለማው ከምትጠብቁት በላይ ይረዝማል። ወዲያ ማዶ ስንወጣ ጉም የለም። ፀሐይ ነው፣ ገደል ነው፣ መንገዱ እንደ እባብ ተጠማዝዞ ወደ ታች ይወርዳል፣ አየሩም ሌላ ነው፣ ሞቅ ያለ።

ደብረ ሲና ወርደን ሻይ ጠጣን፣ ለመንገድ ቆሎ ገዛን፣ ሹራቤን አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩ። ካፌው በረንዳ ላይ ማስታወሻዬን አውጥቼ የአባባን ግጥም ለወንድሜ አነበብኩለት።

"ተሳስተሻል" አለኝ።

"ምኑን?"

"'የገባሽበት' አይደለም። 'የወጣሽበት' ነው ያሉት።"

አይደለም፣ ነው፣ አይደለም። ሻዩ በረደ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፣ ከእኔ በላይ ማን ይሰማል። እሱ ደግሞ እሷ ስትቀበል አራቱንም ጊዜ ከንፈሯን እያየ ነበር። ማስረጃ የለንም። ቀና ብለን መንገዱን አየነው። እኛ ያለነው ታች ነው፣ በሩ ግን ከበላያችን ነው፣ ጫፉ ላይ ጉም የተቀመጠበት።

"እስቲ ተመልከቺ" አለኝ። "አባባ የቆላ ሰው ናቸው። ከዚህ ሆነው ነው የሚያዩት። ከዚህ የሄደች ሴት በዚያ በር አትገባም፣ ትወጣለች። ዳገቱን ትወጣለች፣ አገሩንም ለቃ ትወጣለች።"

መልስ አጣሁ። ከደብረ ብርሃን ሆኜ የጻፍኩት ግጥም እዚህ ስደርስ ሌላ ሆነብኝ። ግን ደግሞ ጆሮዬን አምነዋለሁ፣ ያ ቀጭን ድምፅ "የገባሽበት" ነው ያለኝ። ወይም እሳቸው አንዱን ብለው እሷ ስትቀበል ሌላ አድርጋው ይሆናል፤ ግጥም በአፍ ሲያልፍ እንደዚያ ይሆናል።

በስምንት ሰዓት ተሳፍረን ዋሻውን መልሰን አለፍን። ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ቀየርን፣ በባሯ በኩል ለማለፍ ጊዜ አልነበረም፣ የእትዬንም ስልክ አልተቀበልንም። ሸኖ ላይ ቅቤውን ገዛን፣ ሁለት ኪሎ፣ ለእናቴ። እሷ ጾሙ እስኪፈታ አትነካውም፣ አንጥራ ታስቀምጠዋለች። ባሯም እንደዚሁ፣ እስከ ገና ክራር የላትም። አባባስ ያኔ ልጃቸውን ሊጠይቁ ይመጡ ይሆን?

ሰንዳፋ አካባቢ ጨለመ። ወንድሜ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። በስልኬ መብራት ማስታወሻዬን ገለጥሁና "የገባሽበት" ከሚለው በላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ "የወጣሽበት" ብዬ ጻፍኩ። አንዱንም አልሰረዝኩም።